አጥንቱ ከዳነ በኋላ

ገርጂ ላይ የብረት በርና መስኮት የምሠራበት ትንሽ ቤት አለኝ። ክንዴን የሰበረው አጠገቤ የሚሠራው በያጅ ነው፤ የተጣላነውም በማያጣላ ነገር ነው። እግረኛ መንገዱ ላይ የዘረጋሁትን ብረት አንሣ አለኝ፤ አላነሣም አልኩት። እናቴን ሲሰድብ አፉን በቡጢ አልኩት። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ አገጩ ላይ ሲወርድ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ዘወር ስል ቱቦላሬ፣ ያ መስኮት የምንሠራበት ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት፣ አንሥቶ ወደ ጭንቅላቴ ሰነዘረ። በቀኝ ክንዴ መከትኩት። አጥንቴ ቋ ሲል እኔም ሰማሁት፣ ማዶ ያለው ባለሱቅም ሰማው። ቱቦላሬው ከእጁ አምልጦ አስፋልቱ ላይ እየተንቀጫቀጨ ተንከባለለ።

የሠፈሩ ሰው ሐኪም ቤት እንውሰድህ ቢለኝ አሻፈረኝ አልኩ። እኛ ቤት ስብራት የወጌሻ ነው። ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ያሉ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። ሁለት ሰው ትከሻዬን ያዘ፣ እሳቸው ክንዴን ጎተቱ፣ እኔ እንደሚታረድ በሬ አጓራሁ። "ወንድ አይደለህም እንዴ ልጄ? ቻለው እንጂ!" አሉኝ። በቀርከሃ አሠሩት፣ አጥንቱም ገጠመ። በያጁ ጎረቤቴም አስታራቂ ሽማግሎች ይዞ መጥቶ ጉልበቴ ላይ ወደቀ፤ ይቅር አልኩት፣ ተሳሳምን።

ሕመሙ ግን አልሄደም። ጭራሽ ባሰበት። ጎረቤቴ ብረት ሲጥል፣ ድምፁን ብቻ ሰምቼ፣ ክንዴ ከጣቶቼ እስከ ክርኔ ይቃጠላል። ወጌሻው "ውስጥ የቀረ ደም አለ፤ ታሽቶ መውጣት አለበት" አሉኝ። በየቅዳሜው እየሄድኩ ፎጣ ነክሼ ታሸሁ። አውራ ጣታቸውን ስብራቱ ላይ ተክለው ሲጫኑኝ ዓይኔ ይጨልማል፤ እንባዬን ጠርጌ አመሰግናለሁ፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጣጥሬ እወጣለሁ። ይህን አንድ ዓመት ከመንፈቅ አደረግኩት። በጣም ካመመኝ በጣም እየዳንኩ ነው ብዬ አምን ነበር።

ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። አንድ እሑድ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ኳስ ሳይ ከኋላዬ መጥታ ልታቅፈኝ ክንዴ ላይ ዘፍ አለች። ሳላስብ በግራ እጄ በጥፊ አጮልኳት። ጆሮዋ ላይ አረፈ። ወድቃ ቅንድቧ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጨና ፊቷ በደም ተሸፈነ። ጩኸቷን ሰምታ የመጣችው ባለቤቴ ልጅቷን አነሣችና፣ ድምፅዋን እንኳ ሳትጨምር፣ "ክንድህን ታከም ወይም አስቆርጠው። አንዴ ብትደግማት ይዣት እናቴ ቤት እገባለሁ" አለችኝ። የምትለውን የምታደርግ ሴት ናት።

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ ልጅ እግር ነች። ራጁን ብርሃን ላይ ይዛ "አጥንትዎ ድኗል" አለችኝ።

"እና ውሸቴን ነው?" ብዬ ጠረጴዛዋን በጡጫ ስደልቀው የእስክሪብቶ መያዣው ተገለበጠ። ዘበኛው በሩን ከፍቶ አየኝ። እሷ እስክሪብቶዎቹን አንድ በአንድ ሰበሰበችና በአንዱ ወረቀት ላይ ትሥል ጀመር።

"ሕመምዎ እውነት ነው። ነርቭ ለነርቭ መልእክት ሲያቀብል፣ አከርካሪዎ ውስጥም አንጎልዎ ውስጥም፣ የሚቀበሉ ጥቃቅን በሮች አሉ። ተቀባይ እንላቸዋለን። የሕመም መልእክት ሲደጋገም በሮቹ ይበዛሉ፤ ኋላ ትንሽ ነገር ሲነካቸው ወለል ብለው ይከፈታሉ። ተማሪ ትምህርቱን የሚይዘውም በዚሁ መንገድ ነው። የእርስዎ አንጎል ሕመሙን አጥንቶታል።" ከዚያ "ከስብራቱ በኋላ ምን አደረጉለት?" ብላ ጠየቀችኝ።

ስለ ቅዳሜዎቹ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "በየሳምንቱ ሲያስጠኑት ነበራ" አለችኝ።

ወጌሻውን ጢማቸውን ይዤ ከቤታቸው ላወጣቸው ተመኘሁ። ግን ማን ጎትቶ ወሰደኝ? በገዛ እግሬ ነው የሄድኩት፣ ፎጣውንም ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ። ክኒን አዘዘችልኝና በየቀኑ ክንዴን በጥጥ ቀስ ብዬ እንድዳብሰው ነገረችኝ፤ የነካው ሁሉ እንደማይመታው ይማር ዘንድ። "ይረሳዋል?" ብዬ ጠየቅኳት። "የተማረውን ላይረሳው ይችላል፤ ከላዩ ሌላ እናስተምረዋለን" አለችኝ።

የሰባ ኪሎ ብረት የምሸከም ሰው በጥጥ ስዳበስ አፈርኩ፤ ቢሆንም አደረግኩት። ለጥቂት ወራት ምንም ለውጥ አልነበረም። ከዚያ ማታ ማታ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። ጎረቤቴ ብረት ሲጥል ክንዴ አሁንም ይሰማዋል፣ ግን ሥራዬን አላቆምም። ባለቤቴ ለውጡን አይታለች፤ ስለ እናቷ ቤት ካነሣች ቆየች። አለፈ ብዬ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ከራሷ በላይ ካለው መደርደሪያ ስኳር ላወርድ እጄን አነሣሁ። እርሳሷን ጥላ አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀበረች፤ በሁለት እጇ ጆሮዋን ሸፈነች። ቅንድቧ ላይ ጠባሳው ይታያል። የመታኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ቀና አለችና "ምንም አይደለም አባዬ፣ ሳላስበው ነው" አለችኝ፤ እኔን ልታጽናና። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና እጆቼን እንድታያቸው ጉልበቴ ላይ አደረግኳቸው።

"ፀጉርሽን ልንካው?" አልኳት።

እጆቼን አየቻቸው።

"ዛሬ ይቅር" አለችኝ።