ባዶ ጀልባ የመረጠው ፕሮፔለር

መንበሩ ከመርጡለ ማርያም ቁልቁል ሲወረድ በሚገኘው የዓባይ መሻገሪያ ሰው ማሻገር የጀመረው ገና ጢም ሳያበቅል ነው። ዛሬ ጢሙ ሸብቷል። ዕድሜውን በመቅዘፊያ ስለጨረሰ ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ብሎ ቀርቷል። ሚስቱ እቴናት ቅቤ አቅልጣ ታሽለታለች፤ ጠዋት ግን ቀኝ ክንዱን የሚያነሣው በግራው ደግፎ ነው።

«አንድ ቀን እንኳ ብታርፍ ምን አለበት?» ትለዋለች።

«ማን ያሻግር?»

እውነቱን ነው። ወንዙ እዚያ ቦታ ላይ ከመሐል ዝቅ ብሎ ወዳለ ቋጥኝ ይጎትታል። ያንን ውሃ በመቅዘፊያ የሚቆርጥ ሌላ ሰው ከዚህም ከዚያም ማዶ አልተገኘም። አንድ ነገር አንተ ብቻ ስትችለው ሰው ያመሰግንሃል፤ ማረፍ እንደሚያስፈልግህ ግን ማንም አያስታውስም።

ስለዚህ የሁለቱ ዳር ሰዎች ማኅበር ገብተው ያገለገለ የጀልባ ሞተር ባስመጡ ጊዜ፣ ሌላው ፍጥነቱን ሲያስብ መንበሩ ያሰበው ሌላ ነበር። በሞተር ከሆነ ሌላ ሰውም ሊነዳ ይችላል። እሱም ቤቱ ይውላል።

ሞተሩ ፕሮፔለር አልነበረውም፤ ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚሽከረከረውን ባለ ሦስት ቅጠል ብረት ማለቴ ነው። የባሕር ዳሩ ነጋዴ ሁለት ላከና «የሚስማማችሁን አስቀሩ፣ ሌላውን መልሱልኝ» አለ። በስፋታቸው አይለያዩም። የአንዱ ቅጠል ግን ከሌላው ይበልጥ የተጠመዘዘ ነው፤ አንዱ ላይ ዐሥራ አንድ፣ ሌላው ላይ ስምንት የሚል ቁጥር ተመትቶበታል።

ሙከራው በኅዳር ሚካኤል ተደረገ። ወሩ አጨዳ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ከማሳ የሚላቀቁት በበዓል ብቻ ነው። በበዓል ደግሞ ኩንታል አይነሣም፣ አህያ አይጫንም። ስለዚህ ጀልባው ባዶውን ተሞከረ። የተቀመጡበት መንበሩና ጎረቤቱ ባዘዘው ብቻ ነበሩ።

መጀመሪያ ስምንቱ ተገጠመ። ሞተሩ ጮኸ፤ ጀልባው ሄደ እንጂ አልበረረም።

«የአማትህን ድምፅ ነው እኮ ያወጣው!» አለ ባዘዘው።

ዐሥራ አንዱ ሲገጠም ጀልባው አፍንጫውን ቀና አድርጎ ውሃውን ሰነጠቀው። ከዳር እልልታው ቀለጠ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢው አያ ይስማው፣ መሬቱን በከዘራቸው መቱ። «ይኼ ነው! ድሮስ ዐሥራ አንድ ከስምንት አይበልጥም እንዴ?» መንበሩም እንደ ልጅ ሳቀ።

ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ብዙ ነገራችንን የምንመርጠው በበዓል ቀን ነው። ሙሽራውንም፣ ሹሙንም፣ ወዳጁንም የምናየው ልብሱ ታጥቦ፣ ሸክሙ ወርዶ ሳለ ነው። «ይበርራል» ብለን እንወስዳለን። ኑሮ ግን በሥራ ቀን ነው የሚኖረው።

ሰኞ ገበያ ነበር። ጀልባው ሰውና የማሽላ ኩንታል ሞልቶ ተነሣ። ሞተሩ አጓራ፤ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ታፈነ፤ ጢስ ተፋ። ጀልባው በኋላው ተቀብሮ መሐል ላይ ሲደርስ ውሃው ወደ ቋጥኙ ይዞት ሄደ። ሴቶቹ «ኪዳነ ምሕረት!» አሉ። መንበሩ የሞተሩን እጀታ ለባዘዘው ትቶለት መቅዘፊያውን አነሣ። ቋጥኙን በክንድ ያህል አልፈው፣ ከመሻገሪያው ብዙ ርቀው ዳር ያዙ። መንበሩ አሸዋው ላይ ተቀመጠ፤ ቀኝ ትከሻውን በግራ እጁ ደግፎ ያዘ።

ማሽላውን ሊጭን ዳር ላይ ሲጠብቅ የነበረው የኢሱዙ ሹፌር አካለ ወልድ ወደ እነሱ ወረደ።

«ምን ሆናችሁ ነው? ድምፁን ስሰማ፣ መኪና ቢሆን በአራተኛ ማርሽ አቀበት ጀመረ ነበር የምለው።»

«አንተ ኢሱዙህን ጠብቅ!» አለው ባዘዘው።

መንበሩ ግን ቃሉን ያዘው። ብረቶቹ ላይ የተመታው ያ ቁጥር፣ ፕሮፔለሩ አንዴ ሲዞር ስንት ኢንች ወደ ፊት ሊገፋ እንደተሠራ የሚናገር ነው። ዐሥራ አንዱ ረጅም ርምጃ ይራመዳል፤ ቀላል ጀልባ ሲሆን ይሳካለታል፣ ጭነት ሲበዛ ሞተሩ ርምጃውን መጨረስ አቅቶት ይታፈናል። ስምንቱ ርምጃው አጭር ነው፤ አይፈጥንም፣ ጭነት ግን ይችላል። ይህን ለመንበሩ ያስረዳው አልነበረም። ሆኖም ኩንታል ተሸክሞ ያንን ዳገት ወጥቶ ያውቃል፤ ያኔ እሱም ርምጃውን ያሳጥር ነበር።

መንበሩ አያ ይስማው ቤት ሲደርስ ስምንቱ በጆንያ ተጠቅልሎ ለመመለስ ተዘጋጅቷል።

«ማኅበሩ ሞተሩም ይመለስ ብሏል» አሉት። «ከጽዮን ማርያም ማግስት። አንተም ወደ መቅዘፊያህ ነው እንግዲህ።»

«አያ ይስማው፣ ስምንቱን ልሞክረው።»

«ሞከርነው እኮ! አገር ያየውን?»

«ባዶውን ነው የሞከርነው።»

«እና በጽዮን ማርያም ቀን ማሽላ ልታስጭነን ነው?»

«ማሽላ አልጭንም።»

«ታዲያ ምን?»

«እናንተን።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። «እኔ ኩንታል ነኝ?»

«ከኩንታልማ ይበልጣሉ።»

ሚስታቸው አመተ ማርያም ከጓዳ «እውነቱን ነው፣ አልጋው ይመስክር!» ብላ ሳቀች። ሳቁ ነው መሰለኝ ያሸነፋቸው።

በኅዳር ጽዮን ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ፣ እየተሳደቡና እያማተቡ ጀልባው ውስጥ ገቡ። ጠርዙ ለውሃው ስንዝር ሲቀረው መንበሩ ሞተሩን አስነሣ። ስምንቱ ጮኸ። ጀልባው ቀስ ብሎ፣ እንደ እርጉዝ ላም፣ ከዳር ተላቀቀ። መሐል ላይ ውሃው ያዘው፤ ሽማግሌዎቹ ጠርዙን ጨበጡ። ሞተሩ ግን አልታፈነም። ወደ ቋጥኙ ጥቂት ዘንበል አለና ተመለሰ፤ ከተነሡበት ትይዩ ማዶውን ነካ።

በዚህ ጊዜ እልል ያለ የለም።

«ቀርፋፋ ነው» አሉ አያ ይስማው።

«ቀርፋፋ ነው» አለ መንበሩ።

«ያኛው ይበርር ነበር።»

«ይበርር ነበር።»

ሽማግሌው ቋጥኙን አሻግረው ሲያዩት ቆዩ። «እንግዲህ ስምንቱ ይቅርልን። ዐሥራ አንዱ ይመለስ።»

ለመመለስ ሲነሡ መንበሩ የሞተሩን እጀታ ለባዘዘው ሰጠው።

«እኔ?» አለ ባዘዘው።

«አንተ። ነገም ገበያውን የምታሻግር አንተ ነህ።»

«አንተስ?»

«እኔ እተኛለሁ።»

ባዘዘው እጀታውን ተቀበለ። መንበሩ ከፊት ሄዶ በአያ ይስማውና በሌላ ሽማግሌ መካከል ተሸጉጦ ተቀመጠ። ባዘዘው ጠማማ አድርጎ ነው የነዳው። መሐል ላይ ሲደርሱ የመንበሩ ቀኝ እጅ ሁለት ጊዜ ወደ መቅዘፊያው ሄደ፤ ሁለቱንም ጊዜ ትከሻው ከለከለው። ከዚያ በኋላ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። ጀልባው ዳር ሲነካ ራሱን አያ ይስማው ላይ ጥሎ አንቀላፍቶ ነበር። እሳቸውም ከተቀመጡበት ሳይነቃነቁ፣ ሌሎቹ ቀስ ብለው እንዲወርዱ በከዘራቸው ይጠቁሙ ነበር።