ሚያዝያን የገዛች ሴት

ጎረቤቴ ታንጉ ሚያዝያ የሚባለውን ወር እስክትገዛ ድረስ፣ ዕድሜዋን የጨረሰችው ሰው ስታበላ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ከጎጃምም ከወሎም ለቀን ሥራ ቆላ የሚወርዱት ሳሉጎች እርሻ ላይ የሚበሉት የእሷን እጅ ነበር። በርሜል በሚያህል ድስት ሽሮ ታማስላለች፤ ያልጠገበ ካለ ትጨምራለች፤ የተጣላ ካለ ማማሰያዋን ይዛ መሀል ትገባለች። ባሏ ትዕዛዙ ደግሞ ፍየሎቹን ይጠብቃል፣ ሚስቱን ያማል። እኛ የመተማ ዮሐንስ ሰዎች ሁለቱንም እንወዳቸዋለን።

ከጉምሩኩ ወረድ ብሎ እንግዳው የሚባል ሰው ሆቴል አለው። ስሙ እንግዳው፣ ሥራው ባለቤት፤ በዚህ ያልቀለደ ሰው በከተማችን የለም። ሆቴሉን «ፓርኩ» እያልን ነው የምንጠራው። ግቢው ውስጥ ፊቱ በግ የሚመስል የሲሚንቶ አንበሳ፣ ሁለት ዥዋዥዌ፣ እንዲሁም ከሱዳን ተፈታትቶ የመጣ፣ የእንጨት ፈረሶች የሚዞሩበት የልጆች መጫወቻ አለ። መጫወቻው ተገጥሞ ሲያልቅ አንድ ብሎን ስለተረፈ እስካሁን ማንም ልጁን አልጫነበትም። ሙሽሮች ግን ፎቶ ይነሱበታል።

አንድ ሰሞን ከሆቴሉ ጀርባ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች ተተከሉ። በቃ፣ ከተማው ሥራ ፈታ። ባጃጅ ነጂዎቹ «አራት ፎቅ ነው» አሉ። ሻይ ቤት የሚውሉት «የምን ፎቅ! መዋኛ ነው፤ ውኃውን ከጓንግ ወንዝ በቦቴ ሊያስመጣ ነው» አሉ። ትዕዛዙ «ሱዳኖች ገዝተውት ሊያፈርሱት ነው» ብሎ ማለ። ታንጉ ግን ከሁሉም የተለየ ወሬ ይዛ መጣች።

«ሆቴልነቱ ሊቀር ነው» አለችን። «ክፍሎቹን ለሰው ሊያካፍላቸው ነው። እንደ ማኅበር፣ ለያንዳንዱ ሰው በየወሩ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ሰውዬው ሰሞኑን ሰላምታ አብዝቷል። ሰላምታ የሚያበዛ ሰው የሚሸጠው ነገር አለው።»

ሳቅንባት። ትንሽ ቆይቶ እንግዳው ግቢው ውስጥ፣ በጀርባ በኩል ካለው ትልቅ የኒም ዛፍ ሥር ወንበር ደርድሮ፣ ለስላሳ በነፃ ጋብዞ ሰበሰበን። ለስላሳው በነፃ መሆኑን ሳይ እኔም ልቤ ፈራ።

«ዱባይ ያየሁት ነገር ነው» ብሎ ጀመረ። «እዚያ ሰው ክፍል አይገዛም፤ ወር ነው የሚገዛ። አንድ ክፍል አሥራ ሁለት ባለቤት ይኖረዋል። ወራችሁ ሲደርስ መጥታችሁ እንደ ጌታ ትዝናናላችሁ፤ ሲያልቅ ለባለ ተራው ለቅቃችሁ ትሄዳላችሁ። ለልጅ ልጅ የሚወረስ ነው። በምታዋጡት ደግሞ ሆቴሉን ወደ ጀርባ እናስፋፋለን።»

ታንጉ ዞር ብላ አየችን። ያን ዕለት አንገቷ እንደ ሰጎን ረዝሞ ነበር።

«ጠላ አለው?» ሲሉ አንድ ሽማግሌ ጠየቁ።

«የለውም፣ አባቴ።»

«ጠላ ከሌለው ምኑን ማኅበር ሆነ!» ብለው ተነሥተው ሄዱ።

ቀጥሎ ትዕዛዙ እጁን አወጣ። «ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር ነው። ጳጉሜ የማን ናት?»

እንግዳው አላሰበባትም ነበር። ላቡን ጠረገና «ጳጉሜ... ለጥገና ናት» አለ።

ሰው ሁሉ ቢያንገራግርም ታንጉ ከራሷ ቁራጭ ማሳ ያገኘችውን የዓመቱን ሰሊጥ የሸጠችበትን ገንዘብ ይዛ ገባች። ትዕዛዙ ቤት ውስጥ ምን እንዳላት አላውቅም፤ እሷ ያለችውን ግን አጥሩን ተሻግሮ ሰምቼዋለሁ። «አንድ ጊዜ እንኳ ሰው አብስሎ ያብላኝ! አንድ ጊዜ እንኳ ሌላ ሰው አልጋዬን ያንጥፍልኝ! ምነው፣ እኔ የሰው ፍጥረት አይደለሁም?»

እሷን አይተው ሌሎቹም ገቡና ወሮቹ በዕጣ ተደለደሉ። የሁሉም ልብ ታኅሣሥ ላይ ነበር፤ ሰሊጥ ተሸጦ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ሰው ሰው የሚመስልበት ወር ነው። ለታንጉ ሚያዝያ ደረሳት። ሚያዝያ እኛ ዘንድ ወር አይደለም፣ ምድጃ ነው። ዶሮ እንኳ ጥላ ለጥላ ነው የምትሄደው። የዚያው ክፍል ግንቦት ደግሞ ለጨርቅ ነጋዴዋ ለሙባረካ ወጣ።

«አይዞሽ» አለቻት ሙባረካ፤ «የኔው ይብሳል።»

«ምን አደረገኝ? ፋሲካ የሚውለው በኔ ወር ነው» አለች ታንጉ፣ ዕጣዋን መቀነቷ ውስጥ እየከተተች።

ሚያዝያ ሲጠባ ታንጉ ቤቷ ሆቴሉ አፍንጫ ሥር ሆኖ ሳለ ባጃጅ ተኮናትራ፣ ሻንጣ አስጭና፣ ነጭ በነጭ ለብሳ ገባች። እንግዳ ተቀባይዋ እየሩስ እየሮጠች ወጥታ «እንኳን ደህና መጡ እትዬ ታንጉ፤ ሻንጣውን ይስጡኝ» አለቻት። ታንጉ ሻንጣውን ለመስጠት ታገለች፤ እጇ ግን እምቢ አለ። እያመሰገነች ራሷ ተሸክማ ገባች።

ተነጥፎ የጠበቃትን አልጋ ገልብጣ እንደገና አነጠፈችው። አንሶላውን አሸተተችና አጠበችው። ምሳ ምስር ወጥ ሲቀርብላት አንድ ጉርሻ ጎረሰች፣ ሁለተኛ ጎረሰች፣ ተነሣች። እየሩስ ተከትላት ሮጠች።

«እትዬ፣ እባክዎ ይቀመጡ፤ አንቱ እኮ እንግዳ ነዎት!»

«እንግዳማ ነኝ። ሽንኩርቱን ማን እንደከተፈው አይቼ ልመለስ ነው።»

አልተመለሰችም። ወጥ ቤቱን ይመራ የነበረው ልጅ ሁለት ቀን ታግሶ፣ ሦስተኛው ላይ ገንዳ ውኃ ከተማ ዘመድ ታሞብኛል ብሎ ወጣ፤ ወጥቶ ቀረ። ታንጉም በገዛችው የዕረፍት ወር ለሌሎች እንግዶች ወጥ መሥራት ጀመረች። ትዕዛዙ ይህን ሲሰማ እየሳቀ ፍየሎቹን ነድቶ መጣ።

«ፍየሎቹን ወዴት ነው?» አለችው እየሩስ በሩ ላይ።

«ወሩ የኔም ነው። ከሚስቴ ጋራ በቁርባን ነው የተጋባነው» ብሎ አለፋት።

የሙቀቱን ነገር ልንገራችሁ። ክፍሎቹ ጣራቸው ቆርቆሮ ነው፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ማራገቢያው ጣራ ላይ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ቀትር ላይ የበር እጀታው እጅ ያቃጥላል። ስለዚህ የሚያዝያ ባለቤቶች ሁሉ አንድ በአንድ አልጋቸውን ጎትተው ኒሙ ሥር አወጡ። መጀመሪያ ተሳሳቁ። ኋላ ግን ጥላው በዕጣ አለመደልደሉ ተገለጠ። ጠዋት ጥላው የሌላ ክፍል ሚያዝያ የደረሰው አንድ የጉምሩክ አስተላላፊ አልጋ ላይ ይሆናል፤ ከሰዓት ወደ ታንጉ ይዞራል። ሰውዬው አልጋውን ጥላውን ተከትሎ ሲገፋ፣ ታንጉ የእሷን ወደ እሱ ስትገፋ፣ አልጋና አልጋ ተጋጨ።

«እመቤት፣ ይሄ የኔ ጥላ ነው!»

«የጠዋቱ የአንተ ነበር። አሁን መሽቶበታል!»

እንግዳው ተጠርቶ መጣ። ሲመጣ መጀመሪያ ያየው የትዕዛዙን ፍየሎች ነው። ቀይ ችካሎቹን አንድ በአንድ ነቅለው፣ የተወጠረባቸውን ገመድ እያኘኩ ነበር። ትዕዛዙ ደንግጦ «ልትከልልህ፣ የት የት ነበሩ? የመዋኛው ወይስ የፎቁ ናቸው?» አለው።

እንግዳው አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ሙቀቱ ይሁን ጭቅጭቁ፣ አንደበቱን ፈታው።

«የትም ትከለው፣ አያ ትዕዛዙ። የምንም አልነበሩም።»

«እንዴት?»

«ገበያው ቀዘቀዘብኝ፤ ምን ልሥራ ስል ጨነቀኝ። ችካል ልትከልና ሰው ምን እንደሚል ልስማ፤ ከሚለው ውስጥ የሚያዋጣውን እሠራለሁ አልሁ። ፎቁም አቅሜ አይደለም፣ መዋኛውም አቅሜ አይደለም።» ቀና ብሎ ታንጉን አየ። «የእትዬ ታንጉ ወሬ ነበር የተሻለኝ።»

«ዱባይስ?» አለች ታንጉ።

«ዱባይን እኔ የት አይቻት! ከጎረቤታችን ከገለጉ ከተማ ወዲያ አላውቅም።»

ታንጉ ነገሩ ቀስ ብሎ ገባት። የገዛ ራሷን ወሬ ነበር በሰሊጧ የገዛችው። መጀመሪያ ፊቷ ጠቆረ፤ እኔ ማማሰያው የት እንዳለ በዓይኔ ፈለግሁ። ከዚያ ግን ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ፣ ነጠላዋ እስኪወድቅ ሳቀች። የጉምሩኩ ሰውዬ ሳይቀር አብሮ ሳቀ።

ስትጨርስ ዓይኗን ጠርጋ ተነሣች።

«ስማ እንግዳው። ሌላ ወሬ ልስጥህ፣ ይሄኛው በነፃ ነው። ሚያዝያህን ውሰድ። ወጥ ቤቱንና ይህን ጀርባ ለእኔ ስጠኝ። ፎቅ አትሥራ። ራኩባ ሥራ። እንጨቱ ከዚሁ፣ ሣሩ ከዚሁ። አየር በአራቱም ጎን የሚገባበት ዳስ እንጂ ሰው እዚህ አገር ግድግዳ ምን ያደርግለታል?»

እንግዳው ተከራከረ፣ ራሱን አከከ፣ ችካል አልባውን ባዶ መሬት አየ። በመጨረሻ እሺ አለ። የፋሲካ ለት የመጀመሪያው ራኩባ ሥር በላን። ሙባረካም ግንቦቷን መልሳ የጨርቅ መሸጫ ጥግ ተቀበለች።

ሆቴሉ እንዲህ ነው የተስፋፋው። ዛሬ ጀርባው ሁሉ ራኩባ ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች ጉምሩክ ሲያቆያቸው እዚያ ይውላሉ። ታንጉ ወጥ ቤቱን በጩኸት ታስተዳድራለች፤ የራሷን ምሳ ግን ራሷ አትሠራም። እየሩስ በትሪ ታመጣላታለች፤ ታንጉም «ጨው አንሶታል» እያለች አሟጣ ትበላዋለች። ትዕዛዙ ይህንንም ያማል፣ ትሪው ላይ ያለውን ግን አብሯት ይበላል።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ኮት የለበሰ ሹም ከጎንደር መጣ። ላቡ በአንገቱ እየወረደ «ጥሩ ክፍል አላችሁ?» አላት።

«ክፍልማ ሞልቶናል፤ የፈለጉትን ይምረጡ» አለች ታንጉ። «ቦታ የጠፋው ውጭ ነው።»

ሰውዬው የምትቀልድ መስሎት ቁልፍ ተቀብሎ ገባ። ያዘዘው ቡና ገና ከእሳት ሳይወርድ ኮቱን በእጁ፣ ፍራሹን በጫንቃው ይዞ ወጣ፤ ሾፌሮቹም ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት።