ያለ እኔ የሚሮጠው ልቤ

ብትስቁብኝም ልንገራችሁ። ተክለ ሃይማኖት መንገድ ዳር የልብ ምትና እርምጃ የሚቆጥር ርካሽ የእጅ ሰዓት ሁለት ገዛሁ፤ አንዱን ለራሴ፣ አንዱን ለጎረቤቴ ለጋሽ ዳምጤ። ሁለቱንም ያገናኘሁት ከእኔው ስልክ ጋር ነው። ጋሽ ዳምጤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ያለ ከዘራ አይንቀሳቀሱም። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ውሃ የምቀዳላቸው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጌጃ ሰፈር ያለችው ክፍሌ ውስጥ ጋደም ብዬ ስልኬን ባየው፣ የልብ ምት መቶ አርባ ይላል። ተኝቼ እኮ ነው! አባቴን የወሰደው የልብ ሕመም ነው። ጆሮዬ ውስጥ ድው ድው ይላል። ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ፤ መቶ አርባ ስምንት። "በቃ፣ የዘር ነው" አልኩ። ጨነቀኝና ሰዓቱን አውልቄ አልጋው ላይ ወረወርኩት።

ስልኩ ግን መቁጠሩን አላቆመም። መቶ ሃምሳ ሁለት!

ያን ጊዜ ነው ስልኬ የሚያነበው የጋሽ ዳምጤን ሰዓት መሆኑ የገባኝ። እኔ ተረፍኩ፤ እሳቸው ግን ከግድግዳው ወዲያ ብቻቸውን እየሞቱ ነው! በባዶ እግሬ ሮጬ በራቸውን ሳላንኳኳ በረገድኩት።

"ጋሼ! ምን ሆኑብኝ?"

ከዘራው ጥግ ተደግፎ ቆሟል። ጋሽ ዳምጤ ቁምጣ ለብሰው ገመድ ይዘላሉ።

ሲያዩኝ ገመዱን ቀስ ብለው ለቀቁት፤ ከዘራቸውን አነሱና ጉልበታቸውን ያዙ።

"ልጄ፣" አሉ እያለከለኩ፣ "ጠዋት የቀዳሽልኝ ውሃ እኮ አለቀ።"