ኖራ የቀባሁት ጠርዝ

ደጃችን ላይ አስፋልቱን የሚያዋስነው የጠርዝ ድንጋይ ከተሰበረ ሁለት ክረምት አልፎታል። ከኋላው ጥልቅ የጎርፍ ቦይ አለ። አባባ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ዓይናቸው ስለደከመ ስብራቱን በከዘራቸው እየዳበሱ ነበር የሚያልፉት። ማዘጋጃ ቤት ሦስት ጊዜ ሄደው አመለከቱ። ጠርዙ የከተማው ኃላፊነት ነው፣ መንገዱ አዲስ አስፋልት ሲለብስ አብሮ ይጠገናል፣ መሐንዲስ ዞሮ የተሰበረውን ይመዘግባል አሏቸው። ደስ ብሏቸው ገቡ።

ከመሐንዲሱ በፊት ቀበሌው መጣ። ከላይ እንግዳ ስለሚመጣ ሁሉም ደጁን ያሳምር ተባለ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ሲሉኝ አብዝቼ ነው የምሠራው፤ አመሌ ነው። ስብራቱን በጭቃ ሞላሁ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደረብኩበት፣ ኖራ ቀባሁት። ጎረቤቶቼ ጠርገው ብቻ ገቡ። እንግዳው በመኪና አለፈ፤ መስኮቱን እንኳ አልከፈተም።

በማግሥቱ መሐንዲሱ ደብተሩን ይዞ መጣ። በር ላይ ቆሜ ነበር። ኖራውን አየና «የእናንተስ ደህና ነው» ብሎ አለፈ። ጭቃ እኮ ነው ማለት ነበረብኝ። እውነቱን ልናገር፣ መመስገኑ ጣመኝ። ሲመለስ እነግረዋለሁ ብዬ ወደ ቤት ገባሁ። በሌላ መንገድ ተመለሰ።

መንገዱ አስፋልት ለበሰ፤ የጎረቤቶቼ ጠርዝ በአዲስ ድንጋይ ተተካ፤ የእኛ እንደነበረ ቀረ። ሥራው እስኪያልቅ ከቤት ያልወጡት አባባ ከሩቅ የሚለዩት ነጭ ነገር ብቻ ነው። ኖራውን አይተው «ሠሩልን አይደል?» አሉኝ። አዎ አልኩ። ነገ ቢሮ ሄጄ አስተካክላለሁ ብዬ ነበር። የቦንጋ ዝናብ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አደረ። ጠዋት አባባ ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው፣ ሳይዳብሱ ረገጡት። ድንጋዩ ከነጭቃው ተንሸራተተ።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸው። ዳሌያቸው ተሰብሯል። ሐኪሙ ከእንግዲህ እንደ ድሮው አይራመዱም ሲለኝ አላለቀስኩም። አዘንኩ ብል ውሸት ነው፤ ደንዝዤ የግድግዳውን ቀለም ነበር የማየው። ማዘጋጃ ቤት ስሄድም ደብተሩን ገልጠው አሳዩኝ። በእኛ ቤት ትይዩ «ደህና» ተብሎ ተጽፏል። ደህና የተባለ አይጠገንም አሉኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

ቤት ውስጥ በካፊኖኖ ነው የምናወራው፤ ማመልከቻ ሲሆን ግን አባባ ወደ አማርኛ ይዞራሉ። አልጋቸው ላይ ሆነው ወረቀት አምጪ አሉኝ።

«ጻፊ። ማዘጋጃ ቤቱ ስብራቱን ሳይጠግን በጭቃና በኖራ ሸፍኖ አታሎናል።»

ጻፍኩ።

«ኖራውን የቀባው ሰው ማንነት ተጣርቶ ይነገረን ብለሽ ጨምሪበት።»

ጨመርኩበት። አነበብኩላቸው። የእጅ ጽሑፌን አመስግነው ፈረሙ።