ሻይ የተነከረው ፎጣ

ከልጅነቷ ጀምሮ ተጸያፊ ነበረች። ወንድሞቿ በጠጡበት ብርጭቆ ውሃ አትጠጣም፤ ሰው የተነሣበት ወንበር ሙቀቱ እስኪለቅ ቆማ ትጠብቃለች። ቤተሰቡ «አይነኬ» የሚል ስም አወጣላት፤ በዚያው ጸና። የኑሮ ነገር ሆነና ይህችው አይነኬ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ የሰው ላብ ጠራጊ ሆነች።

የምትሠራው ሰው ለጤናው ብሎ በሙቀት የሚያልብበት ኢንፍራሬድ ሳውና ቤት ነው። ቁም ሣጥን የሚያካክሉ፣ የመስታወት በር ያላቸው ሦስት የእንጨት ክፍሎች አሉ። ደንበኛው ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ሲወጣ እሷ ትገባለች። አግዳሚው ላይ የመቀመጫ ቅርጽ የያዘ የላብ ኩሬ፣ መደገፊያው ላይ የተለጠፈ ፀጉር ይጠብቃታል። ትንፋሿን ይዛ ትጠርግና ውጭ ወጥታ ትተነፍሳለች። ምሳዋን ሳትነካው ይዛ የምትመለስበት ቀን ይበዛል።

አንድ ቀን ለጥገና የመጣውን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠየቀችው። «ክፍሉ ያን ያህል አይፋጅም፤ ታዲያ ሰዉ እንዲህ በላብ የሚዘፈቀው ምን ሆኖ ነው?»

«በብርድ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ፊትሽ ይሞቅ የለ? እንደዚያ ነው» አላት። «ተራው ሳውና አየሩን አግሎ ነው ሰውን የሚያሞቀው። እነዚህ ግድግዳው ላይ ያሉት ሰሌዳዎች ግን በዓይን የማይታይ ጨረር ይለቃሉ፤ ሙቀቱ ቀጥታ ገላሽ ላይ ያርፋል። የልብ ምት ይጨምራል፣ የደም ሥር ይሰፋል፣ ያልብሻል።»

«በላብ መርዝ ይወጣል የሚባለውስ?»

«ላብ ውሃና ጨው ነው። መርዝ የሚያጣራው ኩላሊትና ጉበት ነው። ሳውናው ጡንቻ ያፍታታል፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ያስታግሳል፣ ለደም ግፊትም ሳይረዳ አይቀርም ይላሉ፤ ገና በደንብ አልተጠናም።»

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ላቡን ትችለው ነበር። ያልቻለችው ፎጣውን ነው። ደንበኛው ልብሱን ሲለብስ፣ እሷ እሱ የተቀመጠበትን ነጭ ፎጣ ታነሣና ሻይ ውስጥ የነከረችውን ሌላ ፎጣ ለአለቃዋ ታቀብላለች። አለቃዋ ያንን ዘርግቶ «ይኸው ከውስጥዎ የወጣው መርዝ» ይላል። አንዳንዱ ደንበኛ ፎቶ ያነሣዋል፤ አንዳንዱ ያሸተዋል።

አንድ ጡረተኛ መምህር ወገባቸውን አሟቸው መጡ። እውነትም ተሻላቸው፤ የጫማቸውን ክር ራሳቸው ጎንበስ ብለው ማሰር ቻሉ። አለቃዋ ግን አልበቃውም። «የግፊት ክኒኑም እኮ መርዝ ነው መምህር። እዚህ እያስወጡ እዚያ ይጨምሩበታል? ውሃም አይጠጡ፣ የሚወጣውን መርዝ ያቀጥነዋል» አላቸው። እሷ ባልዲዋን ይዛ አጠገባቸው ቆማለች። የሚቀጥለውን ክፍል ልትጠርግ ሄደች።

በሦስተኛው ሳምንት በመስታወቱ ስታይ የመምህሩ አገጭ ደረታቸው ላይ ወድቋል። በሩን በርግዳ ገባችና ብብታቸው ሥር ገብታ እየጎተተች አወጣቻቸው። ላባቸው አንገቷ ላይ ወረደ፣ ከንፈሯ ላይ ደረሰ። እግራቸውን ከፍ አድርጋ በእርጥብ ጨርቅ አበሰቻቸው። ዓይናቸውን ሲገልጡ ውሃ እያጠጣች «መምህር፣ ያ ፎጣ ሻይ ነው። የምነክረው እኔ ነኝ። ክኒንዎን ይዋጡ» አለቻቸው።

«ደንግጣ ነው» አለ አለቃዋ ከኋላ፣ ፈገግ ብሎ።

ፈገግታው ከላቡ ሁሉ ከፋባት። ጓዳ ገባችና ፎጣው የተዘፈዘፈበትን ሳፋ አምጥታ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ፣ ተራ በሚጠብቁት ሦስት ሰዎች ፊት አስቀመጠችው። አንዷ አፏን ይዛ ወጣች። ሁለቱ ግን ትንሽ ተያዩና ተራቸው ሲደርስ ገቡ።

እሷ በዚያው ሥራውን ተወች። መምህሩ ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኝተው ወጡ።

ከወር በኋላ መንገድ ላይ ተገናኙ። «ልጄ፣ ነፍሴን አትርፈሻል» አሉና እጃቸውን ዘረጉላት። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። «ግን ያንን ፎጣ ለምን ያህል ጊዜ ስትነክሪው ኖርሽ?»

«አራት ወር።»

እጃቸውን ሰበሰቡ። «አራት ወር ሙሉ» አሉ ቀስ ብለው፤ ደኅና ሁኚ ብለዋት ሄዱ። አልተቀየመቻቸውም።