«ይዟታል» ያልኩባት ላም

ሥራ የጀመርኩት ዳንግላ በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ ነው። የመጀመሪያው ቀን መርፌ ይሰጠኛል ብዬ ስጠብቅ ኃላፊው ምላጭ ሰጠኝ። «የላሟን አንገት ሁለት ቦታ ላጭ፤ መርፌው ቀስ ብሎ ይደርስሃል» አለኝ። ላሟ ረግጣ ከነአዲሱ ጋውኔ ጭቃ ላይ ጣለችኝ። ባለቤቷ «አይዞህ ዶክተር!» እያለ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የእንስሳት ጤና ረዳት እንጂ ዶክተር አይደለሁም። በእኛ አገር ግን ከብት የሚወጋ ሁሉ ዶክተር ስለሆነ እኔም ደስ እያለኝ ዝም አልኩ።

የከብት ሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ጊዜ ይፈልጋል። የተላጨውን ቆዳ ቆንጥጠን ውፍረቱን ካሊፐር በሚባል መለኪያ እንለካና እንመዘግባለን፤ ከዚያ ፈሳሹን በቀጭን መርፌ ቆዳው ውስጥ እንሰጣለን። በሦስተኛው ቀን ተመልሰን እንለካለን። ቦታው ካበጠ ላሟ በሽታው አለባት ማለት ነው፤ ባልፈላ ወተቷም ወደ ሰው ይተላለፋል። ፈሳሹ መመርመሪያ ብቻ ነው፤ አያድንም፣ አይከላከልም። እኛ ግን ለአፋችን ስለሚቀለን «መድኃኒቱ» እንለዋለን።

ገበሬው በዚህ ምርመራ ተማሮብናል። «ዛሬ ወግተህ ከነገ ወዲያ አምጣት ትለኛለህ፤ ሥራ ፈት መሰልኩህ?» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ከብቱን ነድተው ውለው፣ ሥራ ፈትተው፣ መጨረሻ ላይ የሚያገኙት መርዶ ነው።

አያ ካሴን ያገኘኋቸው ግምጃ ቤት ከተማ አጠገብ ባለ ቀበሌ ነው። ሁለት የአገር ላሞችና ቦራ የምትባል አንዲት ዲቃላ ነበሯቸው። የቤቱ ወተት የቦራ ነው፤ የአገሮቹ ለጥጃቸውም አይበቃም። ያን ሰሞን ልጃቸው ጥሩዬ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ከእንጅባራ መጥታ እናቷ ቤት ነበረች። ሦስቱንም ላሞች ወጋሁና ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ዝናቡ አልለቅም ስላለ ላሞቹን ለማየት እኔው በየቤቱ ዞርኩ፤ የምደርስባቸው ብዙ ቤቶች ይቀሩኛል። የቦራ አንገት ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጥቷል። ለካሁት፤ መዘገብኩት።

«አያ፣ ይቺን ይዟታል» አልኳቸው።

«ተመስገን! ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹን አልያዛቸውም።»

ፊታቸው ጨለም አለ። «ምነው? አይደገምላቸውም?»

«ከወራት በኋላ ይደገማል። ቦራን ግን ለብቻዋ እሰሯት። ወተትም አፍልታችሁ ጠጡ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር» ብለው እስከ በሩ ሸኙኝ። ሰው በእኛ ዘንድ ለክፉውም ለደጉም ተመስገን ይላል፤ መከራውን በእምነት የተቀበሉ መስሎኝ አከበርኳቸው። ወተት አፍሉ የሚለውን ደግሞ ለሁሉም ቤት ስለምንለው ማንም እንደማይሰማን አውቅ ነበር። አውቅ ነበር!

ከወራት በኋላ ኃላፊዬ ጠራኝ። ጥሩዬ አንገቷ ላይ ንፍፊት ወጥቶባት ተመርምራ የነቀርሳ መድኃኒት ጀምራለች፤ ሐኪሞቹም ቤቷ ውስጥ ከብት እንዳለ ጠይቀዋል። መዝገቡን ገልጦ ቦራ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ባጃጅ ይዤ፣ የቀረውን በእግሬ ገስግሼ ደረስኩ።

«ወተቷን ለማን ሰጣችሁ?» አልኩ።

«ለአራሷ ነዋ!» አሉ አያ ካሴ። «መድኃኒቱ ይዟታል አላልክም? ለብቻዋ እሰሯት አላልክም? ንጹሕ የሆነችው እሷ ናት ብለን ከእሷ ወተት በቀር ለልጄ አልሰጠንም። እንደታለበ፣ በትኩሱ።»

ቃሉ ያን ጊዜ ገባኝ። ክትባት ሰጥተን ቦታው ሲያብጥ ገበሬው «ያዘ» ብሎ ደስ ይለዋል። በሽታውም ያው «ያዘ» ነው። እኔ በሽታውን አልኩ፣ እሳቸው መድኃኒቱን ሰሙ። የአገሩ ቋንቋ አውኛ እኔም እሳቸውም አፋችንን የፈታንበት ነው፤ ቁጭ ብዬ በቋንቋችን ባስረዳቸው ምን ነበረበት? ጋውን ለብሶ አውኛ ማውራት ያሳፍረኝ ስለነበር በአማርኛ ነገርኳቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የጥሩዬ በሽታ ከላሟ ይምጣ ከሌላ ማንም አላረጋገጠልኝም፤ ለእኔ ግን ያን ቀን የተፈረደብኝ ያህል ነው።

የሆነውን ሁሉ በአውኛ ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በተሻለኝ። «እሺ፣ አሁን ምን ላድርጋት?» አሉ።

«መወገድ አለባት።»

«ማን ይተካልኛል?»

«ለዚህ የሚሰጥ ካሳ የለም።»

«መርምራችሁ ስሟን ጽፋችሁ ትሄዳላችሁ፤ እኔ ከነበሽታዋ እቀራለሁ። ታዲያ ምርመራው ለማን ነው?»

ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥቼ ኃላፊዬ ጋ ደወልኩ። «ምክር ስጣቸው» አለኝ። «ከሌሎቹ ትለይ፣ ወተቷ ይፈላ፣ ከተቻለ ትወገድ።»

«ከተቻለ ማለት ማን ከቻለ ነው?»

«መመሪያው እንዲህ ነው፤ እኔ ምን ላድርግህ?» አለ።

ከጉብታው ስወርድ አንድ ጎረቤት አያ ካሴን ሲመክራቸው ደረስኩ። «ጥሊሊ ገበያ አውጣት። ማን ያውቃል? ግንባሯ ላይ አልተጻፈ!»

አያ ካሴ ቦራን እያዩ «የገዛትም ቤት አራስ አይጠፋም» አሉ። በማግስቱ ከጓሯቸው ጉድጓድ አስቆፍረው፣ ገድለው ቀበሯት። ሥጋዋን እንኳ ማንም አልቀመሰም። እኔም ቆሜ አየሁ። ጋውኔን አውልቄ አፈር ከመመለስ በቀር የረዳኋቸው ነገር የለም።

ጥሩዬ መድኃኒቷን ጨርሳ ዳነች፤ አንገቷ ላይ ጠባሳ ቀርቷል። ሁለተኛዋን ስትወልድ ግን ባሏ እናቷ ቤት አልላካትም። ይህን የነገሩኝ አያ ካሴ ናቸው፤ ሲነግሩኝ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ነበር።

ቦራ በተቀበረች በዓመቱ ለምርመራ ስንመለስ ከብት የምናስርበት የእንጨት መያዣ ጋ ቀኑን ሙሉ ቆምን። አንድም ላም አልመጣም። ዲቃላ ላም የነበራቸው ሁለት ቤቶች ከብቶቻቸውን እኛ ከመድረሳችን በፊት ገበያ አውጥተዋል። ወደ ማታ አያ ካሴ ብቻ ዱላቸውን ይዘው መጡ።

«ሰው ለምን ቀረ አያ?» አልኳቸው።

«እኔ አትሂዱ አላልኳቸውም» አሉ። «ቤቴን ግን አይተውታል።»

አሁን ጡረታ ወጥቼ እንጅባራ ተቀምጫለሁ። ወጣት የሙያ ጓደኞቼ ካሊፐር አያያዝ ይጠይቁኛል፤ እሱን ማንም ያሳያችኋል። እኔ የምላችሁ አንድ ነው። ላሟ ታማ ብትገኝ ባለቤቷ በማግስቱ ምን እንደሚያደርግ የምትነግሩት ከሌላችሁ፣ አንገቷን አትላጩ።