መቅዘፊያው ላይ ያለው ተስፋዬ

ባለፈው ግንቦት አሌክሳንድሪያ፣ አንድ የማውቀው ሰው ቤት ለልጁ ምርቃት ተጠርቼ ሄድኩ። ቤዝመንቱ በሰው ተሞልቷል። ሳህኔን ይዤ መቀመጫ ስፈልግ ከቴሌቪዥኑ በላይ አንድ የታንኳ መቅዘፊያ ተሰቅሎ አየሁ። እንጨቱ ጠቁሯል፤ ጫፉ ላይ ያለችው ስንጥቅ ግን ያችው ናት። ሳህኑን አስቀመጥኩ። ይህ መቅዘፊያ ጠፋ ከተባልኩ ሃያ ዓመት አልፎታል።

የቤቱ ባለቤት ተስፋዬ ይባላል። ያኔ «ጋሽ ተስፋዬ» ነበር የምለው፣ እርስዎ እያልኩ። እዚህ «እሱ» ብዬዋለሁ፤ ይበቃዋል።

ያን ጊዜ ሠላሳ አልሞላኝም። ላንግሊ ፓርክ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ አራት ሴቶች ሆነን እንኖር ነበር። ሥራዬ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ነው፤ አልጋ አነጥፋለሁ፣ አጥባለሁ፣ አበላለሁ። አገር ቤት ደሴ ውስጥ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ላልጠየቀኝ አልናገርም።

ተስፋዬ የአክስቴ ልጅ ወዳጅ ነው። አሌክሳንድሪያ አንድ ትልቅ አፓርታማ መግቢያ ላይ እንግዳ ይቀበል ነበር። ሕንጻው ውስጥ ለሥራ የመጡ ጥቂት ካናዳውያን ይኖራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጫካ ለጫካ ይሄዳሉ፣ ወንዝ ላይ ይቀዝፋሉ፤ ሲደክማቸው ቁጭ ብለው ስለ አገርና ስለ ታሪክ ጥያቄ ይጠያየቃሉ። እሱንም ይጋብዙት ነበር።

«ከምትተኚ ነይ፤ ፈረንጅ ትተዋወቂያለሽ» አለኝ።

ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን ስላይጎ ክሪክ የሚባል ወንዝ ዳር ነበር፤ ሚያዝያ ነው፣ መንገዱ በአበባ ቅጠል ነጭ ሆኗል። እነሱ ለውዝና ዘቢብ የተቀላቀለበት ከረጢት ያዞራሉ፤ እኔ ቆሎ ይዤ ነበር። ቆሎዬ ቀድሞ አለቀ። ጥያቄ የምታወጣው ጆአን የምትባል፣ ልጇ ጋ የምትኖር ጡረተኛ አስተማሪ ናት። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ከአምስቱ ታላላቅ ሐይቆች የካናዳን ድንበር የማይነካው የትኛው እንደሆነ ጠየቀች። የገዛ አገራቸው ሰዎች ሲከራከሩ እኔ ተስፋዬ ጆሮ ላይ «ሚሺጋን» አልኩ። እሱ ጮክ ብሎ «ሚሺጋን» አለ። አጨበጨቡለት።

በጋውን ሁሉ እንዲህ ነበር። ትልቁ ደሴታቸው፣ ወደ ሰሜን የሚፈስሰው ወንዛቸው፣ ታንኳ ተሸክሞ ከውሃ ወደ ውሃ የሚሻገሩበት መንገድ ስሙ፤ እኔ በጆሮው፣ እሱ በአደባባይ። እንግሊዝኛዬን ፈርቼ ነበር። እሱ የሚፈራው ነገር አልነበረም። አንድ ቀን መኪናው ውስጥ «ጥሩ ቲም ነን» አለኝ። ጥሩ ቲም መሆናችንን እኔም አምኜ ነበር፤ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ የምናደደው በሱ ብቻ አይደለም።

ጥቅምት ላይ ካናዳውያኑ ወደ አገራቸው ሊመለሱ መሆኑን ነገሩን። የመጨረሻው ጉዞ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ሆነ፤ ከአሌክሳንድሪያ በታች። በየዓመቱ የጥያቄው አሸናፊ ስም፣ ካሸነፈበት መልስ ጋር፣ በጋለ ብረት የሚጻፍበት አሮጌ መቅዘፊያ ነበራቸው። የዚያ ዓመት አሸናፊ ጨርሶ ይወስደዋል ተባለ። እኔ መቅዘፊያ ምን ይሠራልኛል? ግን በዚህ አገር ስሜ የተጻፈበት ነገር ደረቴ ላይ ያለው የሥራ ባጅ ብቻ ነበር። ፈለግኩት።

ከውሃው ወጥተን ሻይ ስንጠጣ ጆአን ዞር ብላ አየችኝ። ለካ በጋውን ሁሉ ከንፈሬን ስታይ ከርማለች።

«ዛሬ ማንሾካሾክ የለም፤ ሁሉም ለራሱ» አለች።

የመጨረሻው ጥያቄ ራሱን የሚደግም የቦታ ስም ነበር። በየተራ አንዳንድ ይጠራል፤ ያጣ ይወጣል። አንዱ ሰሃራ በረሃ አለ፤ ሰሃራ ራሱ በረሃ ማለት ነውና። ሌላዋ የእንግሊዝ አገር ወንዝ ጠራች፤ በድሮ ቋንቋቸው ስሙ ወንዝ ማለት ነው። ተስፋዬ ተራው ሲደርስ ከጨዋታው ወጣ። አንድ በአንድ አልቀው እኔና ከነሱ አንዱ ቀረን። ያኛው ሰውም አልመጣልኝም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ተራው የኔ ሆነ።

እጄን ሳነሳ ተስፋዬ በአማርኛ «አንቺ ልጅ፣ ይቅርብሽ። አታሳፍሪን» አለኝ።

«ሌክ ሐይቅ» አልኩ።

«ሐይቅ ምን ማለት ነው?» አለች ጆአን።

«ሌክ።»

የወንዙ ወፎች እስኪነሱ ሳቁ። እኔ ላይ አይደለም የሳቁት። ጆአን ከመኪናዋ አትላስ አምጥታ ፈለገችው፤ ከደሴ በስተሰሜን፣ የእህል ፍሬ የምታህል ሰማያዊ ነጥብ። የተወለድኩባት ከተማ እሱ ዳር ናት፤ ስሟም ሐይቅ ነው። አባቴ እዚያ ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። ካርታ ባልነበረበት ክፍል ዓለምን ከነሐይቆቿ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ የሳለልን እሱ ነው።

ጸሐፊያቸው ለታንኳው የሞላሁትን ፎርም አውጥቶ ስሜን ጻፈ። እንደ ልማዳቸው የቤተሰብ ስም ነው የሚጽፉት፤ በኛ ደግሞ በቤተሰብ ስም ቦታ የሚሞላው የአባት ስም ነው። ስለዚህ መቅዘፊያው ላይ፣ መልሴም ተተርጉሞ፣ በእንግሊዝኛ «ተስፋዬ፣ ሌክ ሌክ» ተብሎ ተጻፈ። አባቴ ተስፋዬ ይባላልና።

«ያንቺ ክፍል ይጠባል፤ እኔ ጋ ይቀመጥልሽ» አለኝ ጋሽ ተስፋዬ፣ መኪናው ላይ እየጫነው። ሜትሮ ተሳፍሬ፣ አውቶቡስ ቀይሬ የምሄድ ሰው ነበርኩ። እሺ አልኩ።

በማግስቱ የስልክ ካርድ ገዝቼ አባቴ ጋ ደወልኩ። መቅዘፊያ ምን እንደሆነ ሳይሆን የጠየቀኝ፣ ፊደሉ እንዴት እንደተጻፈ ነው። አንድ በአንድ ነገርኩት። «ፎቶውን ላኪልኝ፤ አስተማሪዎቹ ይዩት» አለ።

ፎቶ ላንሳው ብዬ ተስፋዬን ሦስት ጊዜ ለመንኩት። አንዴ ሥራ በዛ፣ አንዴ እንግዳ አለ፣ በመጨረሻ «ቤት ስቀይር ጠፋ፤ እንጨት ነው፣ ምን ያስጨንቅሻል» አለ። አባቴ በሁለተኛው ዓመት ሞተ። እስከዚያ በደወልኩ ቁጥር «ፎቶው?» ይል ነበር።

እንግዲህ ግንቦት ላይ ያ እንጨት ቤዝመንቱ ግድግዳ ላይ ነው። እዚህ ተወልዳ ያደገችው ተመራቂዋ ሜሮን ጓደኞቿን ሰብስባ በእንግሊዝኛ ታስረዳለች፤ አባቷ ካናዳውያንን በጂኦግራፊ ያሸነፈበት ነው ትላለች። ተስፋዬ ወንበሩ ላይ ሆኖ «ያኔ ወጣት ነበርን» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። እኔን እንዳየ መነቅነቁን አቆመ።

«ዳዲ፣ ሌክ ሌክ ግን ምንድነው?» አለች ሜሮን።

«እሱ... የካናዳ ነገር ነው» አለ።

«ሐይቅ ነው» አልኩ እኔ። «የት እንዳለ ንገራት፣ ጋሽ ተስፋዬ። የተጻፈው ስም ሁሉ የቤተሰብ ስም፣ በኛ የአባት ስም፣ መሆኑንም አስረዳት።»

ሜሮን እንጨቱን ከላይ እስከ ታች አነበበች። ከዚያ በሚሰባበረው አማርኛዋ «እትዬ፣ ያንቺ ላስት ኔም ምንድነው?» አለችኝ።

«ተስፋዬ» አልኳት። አባቷን አየችው። እሱ የለስላሳ ጠርሙሱን ያገላብጥ ነበር። ወንበር ላይ ወጥታ መቅዘፊያውን አውርዳ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ምግቤን ሳልጨርስ ወጣሁ። እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ የፊቱን ወንበር አጋድሜ አስተኝቼው ነዳሁ።

ይቅር በይ የሚሉኝ አሉ። ተስፋዬም በማግስቱ ኮል አድርጎ ነበር፤ አላነሳሁም። ቤት ስቀይር ቁጥሩ ጠፍቶኛል ማለት እችላለሁ። የወሰደብኝ እንጨት ቢሆን ኖሮ እተውለት ነበር። የወሰደው አንድ አስተማሪ ለጓደኞቹ ሊያሳየው ይጠብቀው የነበረውን ነገር ነው፤ ያን በስልክ ይቅርታ የሚመልሰው የለም።

መቅዘፊያው አሁን የቤቴ በር አጠገብ ቆሟል። የመጣ እንግዳ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያነብበዋል፤ «ተስፋዬ ማነው?» ይለኛል።

አባቴ ነው እላለሁ፣ የጂኦግራፊ አስተማሪ።